«የማይሰማን መምከር ሥራ ነው ወይ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጠው። በስታትስቲክስ ማስተርስሽን ጨርሰሻል። ሁለት ሥራ ተገኝቶልሻል። አንዱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ የአየር ንብረት ክፍል፣ ቋሚ ቅጥር፣ ጡረታ ያለው። ሌላው መንግሥትን በገለልተኝነት የሚያማክር የአየር ንብረት ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ጀማሪ ተንታኝ፣ የሁለት ዓመት ኮንትራት፣ ደመወዙም ዝቅ ያለ። አባትሽ የመጀመሪያውን ያዢ ብለዋል። ስለ ሁለተኛው ስትነግሪያቸው ደግሞ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለው ወሬውን ዘጉት። አንቺም መጨረሻ ላይ እንዲህ ብለሽ ጠየቅሽኝ፦ «መንግሥት ደስ ካላለው የሚጥለውን ምክር ስጽፍ ዕድሜዬን ብጨርስ፣ ይኼ ሥራ ነው ወይ?»

ሌሎቹን ጥያቄዎችሽን ወደ ታች እነካካቸዋለሁ። ይኼኛውን ግን እንዲሁ ማለፍ አልችልም።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ወንዝ በመለካት ነው። ወንዙ ዳር የተተከለ መለኪያ አለ። ጠዋትና ማታ እየሄድኩ ውኃው የደረሰበትን ቁጥር አይቼ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ከዓመታት በኋላ ቢሮ አስገቡኝ። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሊሠራበት የታሰበ ቦታ አጥና ተባልኩ። የድሮ መዝገቦቹን ሳገላብጥ ቦታው ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ ሆኖ አገኘሁት። ይኼንኑ ጻፍኩ፤ ትንሽ ከፍ ወዳለው መሬት ይዛወር አልኩ። አለቃዬ ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝ፣ ሪፖርቱ ፋይል ውስጥ ገባ። ጤና ጣቢያው እዚያው ሜዳው ላይ ተሠራ።

በአራተኛው ክረምት ውኃው ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። መድኃኒቱ፣ አልጋው፣ የሕሙማኑ ካርድ ግን ሄደ። ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። አንድ ትልቅ ሰው ተነሥተው «ማንም አላስጠነቀቀንም» አሉ። እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ሪፖርቴ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ግን የውስጥ ሰነድ ነው፤ እኔም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ የአባትሽን ተረት ሳነብ አንድ ነገር ጠየቅኩ። መከራው የመከረው ማንን ነው? እምቢ ያሉት አለቃ ያኔ አድገው ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። መከራው የመከረው ለመውለድ መጥታ በሩ ተዘግቶ ያገኘችውን እናት ነው። በአየር ንብረት ጉዳይ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እምቢ የሚለው ሌላ፣ መከራው የሚደርስበት ሌላ። ብዙ ጊዜም እምቢ በተባለበት ቀን ገና ያልተወለደ ሰው ነው።

ታዲያ ያ ሪፖርት ምን ጎደለው? ስሌቱ ትክክል ነበር። ጉድለቱ ማንም ሳያየው መቅረቱ ነው። አልቀበልም ያለው ሰው ለምን እንዳልተቀበለ ለማንም ማስረዳት አልነበረበትም። አንቺ ልትገቢበት ያሰብሽው ዓይነት ተቋም የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ብሪታንያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ አወጡ። በዚሁ ሕግ የአየር ንብረት ለውጥ ኮሚቴ የሚባል ገለልተኛ አማካሪ አቋቋሙ። ኮሚቴው ማንንም አያዝም። አንዲት ፋብሪካ እንኳ መዝጋት አይችልም። ሥራው አስልቶ በአደባባይ መናገር ነው። አገሪቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ልትለቀው የሚገባውን የበካይ ጋዝ ጣሪያ፣ «የካርቦን በጀት» የሚሉትን፣ ጊዜው ሳይደርስ ገና ድሮ አስልቶ ያቀርባል። በየዓመቱ ደግሞ መንግሥት ቃሉን ምን ያህል እንደጠበቀ ይመዝናል። ሪፖርቱ ፓርላማ ይገባል። ለዚያ ሪፖርት መንግሥት እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ መልሱን ለፓርላማ እንዲያቀርብ ሕጉ ያስገድደዋል። ኮሚቴው ካለው የተለየ በጀት ከወሰነም ምክንያቱን ጽፎ ማውጣት አለበት።

እዚህ ጋ ቆም በይ። መንግሥት እምቢ ማለት ይችላል። ዝም ብሎ እምቢ ማለት ግን አይችልም። የእኔ አለቃ ምክንያታቸውን ጽፈው እንዲያወጡ ቢገደዱ ኖሮ ጤና ጣቢያው እዚያ ሜዳ ላይ ይሠራ ነበር? አይመስለኝም።

አንዳንዴ ምክሩ ቶሎ ይሰማል። ኮሚቴው በሜይ 2019 የአገሪቱ የተጣራ ልቀት፣ ማለትም ከሚለቀቀው ጋዝ ላይ ከአየር የሚወገደው ተቀንሶ የሚቀረው፣ በ2050 ዜሮ ይግባ ብሎ መከረ። ሕጉ ያኔ የሚያዘው ልቀቱን ከ1990ው መጠን በ80 በመቶ መቀነስ ብቻ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጁን መጨረሻ፣ ሕጉ ተቀየረ። ደስ ይላል። ግን እንዲህ ያለውን ቀን ተስፋ አድርገሽ አትግቢ።

የሚበዛው ሌላኛው ዓይነት ነው። ይኸው ኮሚቴ የሚመክረው ስለ ልቀት ብቻ አይደለም፤ አገሪቱ ከሚመጣው ሙቀትና ጎርፍ ጋር እንዴት ትላመድ በሚለውም ላይ ነው። አዲስ የሚሠሩ ቤቶች ሙቀት እንዲችሉ ሆነው ይሠሩ ሲል ዓመታት ቆየ። በ2021 እንዲህ ብሎ አወጣ፦ ካለፈው የአምስት ዓመት ግምገማ ወዲህ ወደፊት የሚመጣውን ሙቀት የማይችሉ ከ570,000 በላይ አዳዲስ ቤቶች ተሠርተዋል። በእንግሊዝ አዲስ መኖሪያ ቤት ከልክ በላይ እንዳይሞቅ የሚያስገድደው የግንባታ ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በጁን 2022 ነው። በወሩ፣ ጁላይ 19 ቀን፣ ኮኒንግዝቢ በሚባል ቦታ 40.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ተለካ። በዚያች አገር ሙቀት ከ40 በላይ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር።

ይኼን ታሪክ አባትሽ ቢሰሙ «አላልኩሽም!» ይላሉ። ዘግይቷል፣ እውነት ነው። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። 570,000 የሚለውን ቁጥር ያ ሙቀት ከመምጣቱ ከዓመት በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ደምሮ፣ ቀን ጽፎበት፣ ለሁሉም በሚታይ ቦታ አስቀምጦታል። በዚያች አገር ማንም ተነሥቶ «አላስጠነቀቁንም» ማለት አይችልም። ደንቡም ከዜሮ አልጀመረም። ዓመታት የፈጀ ስሌት ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ነበር።

ሌላም ልንገርሽ፣ አንቺ ስታትስቲክስ ስለተማርሽ። በጁላይ 2022 የብሪታንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመንግሥትን የተጣራ ዜሮ ዕቅድ ሕጉን አያሟላም አለ። ዕቅዱ ላይ የተሰሉት ቅነሳዎች ሲደመሩ ስድስተኛው የካርቦን በጀት ከሚፈልገው 95 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር የሚሸፍኑት። ይኼ ለሕዝብም ለፓርላማም አልተገለጸም ነበር። አምስት በመቶ! በንግግር ውስጥ የማይሰማ፣ በሰንጠረዥ ውስጥ ብቻ የሚታይ ክፍተት ነው። እንዲህ ያለውን ክፍተት ማየት የሚችል ሰው ነሽ አንቺ።

አሁን በጣም የማምንበትን ልናገር። አማካሪ መታዘዝ የለበትም። ምክሬ ሁሉ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ምርጫ ይወዳደር። ግብር የሚጥለው፣ መንገድ የሚያስቀድመው፣ የትኛው ክፍለ አገር መጀመሪያ ይረዳ ብሎ የሚወስነው ሕዝብ የመረጠው አካል ነው፤ እንዲያም መሆን አለበት። የአማካሪው ድርሻ ወሳኙ «አላወቅኩም» ብሎ እንዳይወስን ማድረግ ነው። አንቺ ሥራሽን «ሰሙኝ ወይስ አልሰሙኝም» ብለሽ ከለካሽው በሁለተኛው ዓመት ትታክቻለሽ። «ትክክል ነበርኩ? ግልጽ ነበርኩ? በጊዜው ደረስኩ?» ብለሽ ለኪው።

ይኼ ሁሉ የሚሠራው ግን ተቋሙ እውነተኛ ከሆነ ነው። «ገለልተኛ» የሚል ቃል ማኅተም ላይ መጻፍ ቀላል ነው። አውስትራሊያ ሁለት አካላት ነበሯት። የአየር ንብረት ኮሚሽን የሚባለውን መንግሥት በውሳኔ ብቻ ነበር ያቋቋመው። በሴፕቴምበር 2013 አዲስ መንግሥት ሲመጣ ወዲያው ዘጋው። የአየር ንብረት ለውጥ ባለሥልጣን የሚባለው ሌላኛው ግን በሕግ የቆመ ነበር። እሱንም ሊያፈርሱት ሞከሩ። ሕጉን ለመሻር የሴኔቱ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር አልተሳካም፤ ተዳክሞም ቢሆን ተረፈ። የተዘጋው ኮሚሽን አባላት ደግሞ በቀናት ውስጥ ከሕዝብ መዋጮ ሰብስበው በሌላ ስም ሥራቸውን ቀጠሉ። ደቡብ አፍሪካም በ2020 ሠራተኛውን፣ ነጋዴውን፣ ወጣቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ የፕሬዚዳንቱ የአየር ንብረት ኮሚሽን አቋቁማ፣ በ2024 በተፈረመው ሕግ ውስጥ ሕጋዊ አካል እንዲሆን ደንግጋለች።

እንግዲህ ከመፈረምሽ በፊት የአንቺን ምክር ቤት ማቋቋሚያ ፈልገሽ አንብቢ። በሕግ ነው የቆመው ወይስ በአንድ ሹም ደብዳቤ? ሪፖርቱን ራሱ ያወጣዋል ወይስ ሚኒስትሩ ሲፈቅዱ? መንግሥት መልስ የሚሰጥበት ቀን ተቆርጧል? በጀቱን የሚመድበው ማን ነው? አባላቱን የሚያነሣቸውስ? ሪፖርቱን ለማውጣት የሚኒስትሩ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል አንቀጽ ካገኘሽ አትግቢ። እንደዚያ ከሆነ ሚኒስቴሩ ይሻልሻል፤ ቢያንስ ጡረታ አለው።

ሚኒስቴሩን እየናቅኩ አይደለም። ዕቅዱ በተግባር የሚውለው እዚያ ነው፤ ጎበዝ ሰው ያስፈልገዋል። ግን የመጀመሪያ ሥራ የእጅ ጽሑፍ እንደመማር ነው፤ የያዝሽው ልማድ አብሮሽ ያረጃል። መጀመሪያ የምትማሪው ቁጥሩን እንዳለ መጻፍ ቢሆን እመርጣለሁ። በኋላ ወደ ሚኒስቴር ብትሄጂ ያ ልማድ አብሮሽ ይሄዳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የታናሽ ወንድምሽን የትምህርት ክፍያ ለመቻል ቃል ገብቻለሁ ብለሻል። በግልጽ ልጠይቅሽ፤ ቃሉን የገባሽው አንቺ ነሽ ወይስ ተገባልሽ? ደብዳቤሽ ላይ አባትሽ አሁንም በሥራ ላይ እንደሆኑ፣ ታላቅ ወንድምሽም ደመወዝተኛ እንደሆነ ጽፈሻል። ሸክሙ ለምን አንቺ ላይ ብቻ ወደቀ? ሴት ልጅ ስለሆንሽና እምቢ ስለማትዪ ይመስለኛል። ይኼ ፍትሕ አይደለም። የሁለቱን ደመወዝ ልዩነት አስልተሽ ወረቀት ላይ አስቀምጪው። ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ ስንት እንደሚደርስ አሳዪያቸው። አባትሽን አከብራለሁ፤ ፍቅራቸውም ከደብዳቤው ይታያል። ግን ቋሚ ቅጥር የሚሉት ነገር ሲታጠፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ኮንትራቱ ሲያልቅ ይዘሽው የምትወጪው ሙያ የራስሽ ነው።

የቀሩትን ላጣድፋቸው። «የአየር ንብረት ሳይንስ አልተማርኩም» ላልሽው፦ ችግር የለውም፣ ሳይንቲስቶቹን ጠይቂ። ዶክትሬቱ ይቆይ። እንግሊዝኛሽም በሥራው ላይ ይስተካከላል፤ አሁንም ክፉ አይደለም።

ከምክር ቤቱ ሁለት ቡድኖች፣ ከልቀቱና ከመላመዱ፣ የትኛውን ልምረጥ ላልሽው ግን፣ የመላመዱን ምረጪ። የልቀቱ ቡድን አንድ መለኪያ አለው፤ ቶን። የመላመዱ የለውም። አንድ ከተማ ለጎርፍ «ተዘጋጅቷል» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ድልድዩ፣ ሆስፒታሉ፣ የውኃ መስመሩ ለየብቻ ይለካል፤ መዝገቡ የተቆራረጠ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላ ነው። እዚያ ነው የስታትስቲክስ ሰው የሚያስፈልገው። እንደገባሽም በመጀመሪያው ዓመት ቁጥሩ ወደሚለካበት ቦታ ሂጂ። መለኪያውን በእጅሽ ንኪው፤ የሚያነብበውን ሰው አነጋግሪው። ዝናብ ሲጥል እንዴት እንደሚያነብ፣ ሲታመም ማን እንደሚተካው ጠይቂው። የትኛው ቁጥር እንደሚታመን የምታውቂው ያኔ ነው።

መልስሽን የምትሰጪው ዓርብ ነው ብለሻል። ሐሙስ ማታ ከአባትሽ ጋር ቁጭ በይ። ማቋቋሚያ ሕጉን ይዘሽ ሂጂ። መንግሥት መልስ ይሰጣል የሚለውን አንቀጽ ካገኘሽው አንብቢላቸው። ከዚያ የጤና ጣቢያውን ታሪክ ንገሪያቸው፤ ፈቅጄልሻለሁ።