ባለ ዘንዶውን ብር ሳትመዝን አትግዛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። «7 ሜስ 3 ካንዳሪን» የሚል ክብደት የተጻፈበት እ.ኤ.አ. የ1889 የጓንግዶንግ (የደቡብ ቻይና ግዛት) ባለ ዘንዶ የብር ሳንቲም በርካሽ አገኘሁ፣ ልግዛው ወይ ነው ያልከው። (ሜስና ካንዳሪን የድሮ የቻይና የክብደት መለኪያዎች ናቸው፤ አሥር ካንዳሪን አንድ ሜስ ነው።) ሳትመዝነው አትግዛ።

ለምን ብርቅ እንደሆነ ልንገርህ። ያኔ በደቡብ ቻይና ገበያውን የያዘው የሜክሲኮ ብር ነበር፤ እኛ ጋ ማርትሬዛ እንደነበረው ማለት ነው። የአካባቢው ገዥ ዣንግ ዢዶንግ የራሳችን ይኑረን ብሎ ማተሚያውን ከእንግሊዝ፣ ከበርሚንግሃም አስመጣ። መጀመሪያ የወጣው ከሜክሲኮው ትንሽ ከበድ ይል ነበር። ዋጋቸው እኩል ከሆነ ግን ከባዱን ማን አውጥቶ ይገበያይበታል? ሰው ይደብቀዋል፣ ያቀልጠዋል። ስለዚህ ወደ 7 ሜስ 2 ካንዳሪን ዝቅ አደረጉት። በብዛት የታተመው ይኸኛው ነው። ፎርጅድ ሠሪዎች ግን የሚወዱት ያንን ብርቁን ነው።

እኔ የተበላሁት እዚያው የጓንግዶንግ ዋና ከተማ ጓንግዡ፣ ዕቃ ላመጣ ሄጄ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ባለ 7 ሜስ 2 ካንዳሪኑን ገዛሁ። ማግኔት አስጠጋሁ፣ አልያዘም፤ ደስ አለኝ። ናስም እኮ በማግኔት አይያዝም! አዲስ አበባ ተመልሼ ፒያሳ ወርቅ ቤት ሳስመዝነው 23.6 ግራም ሆነ። መሆን የነበረበት 26.9 አካባቢ ነው። ያንተው ደግሞ 27.2 ገደማ መምጣት አለበት። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ የወጥ ቤት ሚዛን አይበቃህም።

ከዚያ ጠርዙን በማጉያ መነጽር አየሁት። ጥርሶቹን አቋርጦ ዙሪያውን የሚሄድ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለው። በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የተሠራ ነው እንጂ በማተሚያ የተመታ አይደለም። የዘንዶው ቅርፊትም የሟሟ ሳሙና ይመስላል። በእውነተኛው ላይ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይለያል።

እኔን ብትሰማኝ የቻይና ፕሬዚዳንት የነበረው የዩዋን ሺካይ ምስል ባለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1914ቱ ብር ጀምር። በጣም ብዙ ስለታተመ ከታመነ ሻጭ በማይጎዳ ዋጋ ይገኛል። አንዱን ይዘህ ለወራት አገላብጠው፤ ዓይንህም ጣትህም እውነተኛ ብር ይልመዱ። ጥቁረቱን ግን በሎሚም በአመድም እንዳትነካው፤ የታጠበ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል። ትንንሽ የቻይንኛ ማኅተም ተመትቶበት ብታይም አትደንግጥ፤ የጥንት ነጋዴዎች ብሩን ፈትሸው ያሳረፉት ምልክት ሊሆን ይችላል። እኔ እንዲያውም እሱን እወደዋለሁ።

ሻጩ እንድትመዝነው ከፈቀደልህ፣ ግራሙን ጽፈህ የሁለቱንም ገጽ ፎቶ እዚህ ለጥፍ። ጠርዙንም ቀረብ አድርገህ አንሳ፤ አብረን እናየዋለን።