«የሰው ትርፍ ቤቴ አይገባም» አለኝ

ጥያቄ፦ ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው። በቅርቡ ሰፋ ያለ ቤት ስለገባን ለምግብ ጠረጴዛው ወንበር መግዛት ነበረብን። እኔ የምወደው የድሮ ወንበር ነው፤ የክንድ ማሳረፊያ የሌለው፣ መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ እንጨቱ በእጅ ብዛት የጠቆረ። አያቴ ቤት እንዲህ ያሉ ስድስት ወንበሮች ነበሩ። እሷ ስትሞት ወራሾቹ ሸጠው ገንዘቡን ተካፈሉት፤ ለእኔ አንድም አልደረሰኝም። ባለፈው ወር ቁርጥ እነሱን የሚመስሉ አግኝቼ ባለቤቴን ይዤው ሄድኩ። ገና ከበሩ ሳያልፍ በሻጩ ፊት «የሰው ትርፍ ቤቴ አይገባም» ብሎኝ ወጣ። ቤት ስንደርስ ደግሞ «ድህነት ይናፍቅሻል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የምንበላው ሶፋ ላይ ነው፤ እሱ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ እኔ ወደ ስልኬ ዞረን። በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ባስገባቸውና ቢለምዳቸውስ? ወይስ ትቼው አዲስ ልግዛ? ደግሞስ አራት ይበቃል ወይስ ስድስት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከሁሉ በፊት አንዱን ልመልስ፤ እባክዎ ገዝተው አያስገቡ። ገንዘቡ የእርስዎ መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ባለቤትዎ እነዚያ ወንበሮች ላይ በተቀመጡ ቁጥር የሚያስታውሱት ቃላቸው እንዳልተሰማ ነው። ሰው ለምዶታል የምንለው ብዙ ጊዜ ዝም ያለበትን ነገር ነው፤ ዝምታው ደግሞ ቤታችሁ ገብቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ያስቆመኝ «ድህነት ይናፍቅሻል እንዴ?» የሚለው ንግግር ነው። ስድብ መስሎ እንዳቆሰለዎት ይገባኛል፤ በሻጭ ፊት ጥሎ መውጣትም ያማል፤ ይህን ለእሳቸው መንገር መብትዎ ነው። እኔ ግን ከንግግሩ ውስጥ አንድ የማላውቀው ልጅነት ይሰማኛል። ከዓመታት በፊት ምክር ፍለጋ የመጡ አንድ ሰው ነበሩ፤ ቤታቸው ውስጥ አሮጌ ዕቃ ማየት አይችሉም። ቆይተው ሲነግሩኝ፣ ልጅ ሳሉ ከጎረቤት የተሰጣቸው እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር ነበራቸው። እንግዳ ሲመጣ አባታቸው በዓይን ይጠቅሷቸዋል፤ ተነሥተው እንግዳው ሽቦውን እንዳያይ በዚያ በኩል ይቆማሉ። ለእኚህ ሰው አዲስ ወንበር መግዛት ከዚያ ሽቦ ፊት ዘወር ማለት ነበር። የእርስዎ ባለቤት ታሪክ ይህ ነው እያልኩ አይደለም። ታሪኩ ምን እንደሆነ ግን ከአራት ዓመት ትዳር በኋላም በደብዳቤዎ ውስጥ የለም። ስለ ወንበሮቹ ቀለምና መደገፊያ ጽፈዋል፤ ባለቤትዎ በምን ዓይነት ወንበር ላይ እንዳደጉ አልጻፉም። ምናልባት ጠይቀዋቸው አያውቁም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። እርስዎ የሚፈልጉት የቤት ዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያስለቅስዎትም ነበር። ራስል ቤልክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ንብረታችን የማንነታችን ተቀጥላ እንደሆነ፣ ዕቃ ስናጣ ከራሳችን የተቆረጠ ያህል ሊሰማን እንደሚችል አስረድተዋል። የአያትዎ ወንበሮች ሲሸጡ ማንም «አንቺስ ምን ትወስጃለሽ?» ብሎ አልጠየቀዎትም። ይህ ሐዘን ነው፤ ተገቢ ሐዘንም ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ «አይገባም» ሲሉ እርስዎ የሰሙት ለሁለተኛ ጊዜ ከውርስ መገፋትዎን ነው። እሳቸው ግን ይህን ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ ነበር ወይ? ስለ አያትዎ ለእኔ የነገሩኝን ያህል ለእሳቸው ነግረዋቸዋል?

አንድ ሌላ ነገርም አስተውያለሁ። ባለቤትዎ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ጠሉት። እርስዎስ ተቀምጠውበት ነበር? ይመቻል አይመችም፣ ከጠረጴዛችሁ ቁመት ጋር ይስማማል አይስማማም የሚል አንድ መስመር ደብዳቤዎ ላይ አላገኘሁም። ወንበሩን እንደ ወንበር ያየው ሰው የለም ማለት ነው። አንዱ ድህነትን አየ፣ አንዷ አያቷን አየች።

ስለዚህ ንግግሩ ከግዢው ይቅደም። ቴሌቪዥኑ በጠፋበት፣ ሁለታችሁም ባልደከማችሁበት ሰዓት «ያን ቀን ያልከው ነገር ከምን የመጣ እንደሆነ መስማት እፈልጋለሁ፤ ልጅ ሳለህ ቤታችሁ ምን ዓይነት ወንበር ነበር?» ብለው ይጀምሩ። ከዚያ ይስሙ። እየሰሙ መልስ አያዘጋጁ፤ «ግን እኮ የእኔዎቹ እንደዚያ አይደሉም» የሚለው አፍዎ ላይ ይመጣል፤ ይዋጡት። የእርስዎን ታሪክ ሌላ ቀን ይንገሩ፤ በአንድ ምሽት ሁለቱ ከተነገሩ ወደ ውድድር ይቀየራሉ። የባልና ሚስት ጠብን ለዓመታት ያጠኑት ጆን ጎትማን ካዩአቸው አለመግባባቶች 69 በመቶ የሚሆኑት ተፈትተው የማያልቁ፣ ከሰዎቹ ባሕርይና አስተዳደግ የሚመነጩ መሆናቸውን ጽፈዋል። አሮጌና አዲስ በሚለው ላይ ሁልጊዜ ላትስማሙ ትችላላችሁ። እኔ የምመኝላችሁ ባለቤትዎ «አሮጌ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ እርስዎ እንዲያውቁ፣ እርስዎም ዝም ሲሉ ምን እንደቀረብዎት እሳቸው እንዲያውቁ ነው።

ሰምተው ሲያበቁ እሳቸው ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ አብራችሁ ሂዱ፤ ያኔ የባለቤትዎ ጥርጣሬ ይጠቅማችኋል። በፍቅር የሚያይ ዓይን ጉድለት ያልፋል፤ የሚጠራጠር ዓይን አያልፍም። ወንበሩን ይገልብጡት። ጥርስ ማጽጃ ስንጥር የሚያህሉ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ቀዳዳዎች ካሉ ነቀዝ ገብቶት ነበር ማለት ነው። ቀዳዳው ውስጡ ጠቁሮ ደርቆ ከሆነ አሮጌ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ መታ መታ ሲያደርጉት ነጣ ያለ ደቃቅ ዱቄት ከረገፈ ግን ነቀዙ አሁንም እየበላ ስለሚሆን ቤት አያስገቡት። ከዚያ መደገፊያውን ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዙት። መነቃነቁ ብቻውን አያስፈራ። የድሮ አናጢዎች መጋጠሚያውን የሚያጣብቁት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚሠራ ሙጫ ነበር፤ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚላቀቅ ዛሬም ባለሙያ ፈታትቶ እንደገና ሊያጣብቀው ይችላል። የሚያስፈራው መጋጠሚያው ላይ ምስማር ወይም ብረት ተመትቶ እንጨቱ ተሰንጥቆ ሲገኝ ነው። የተቀባ ከሆነ ደግሞ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ቤት ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ በተለይ ልጅ ካለ። በመጨረሻ ሁለታችሁም ተቀመጡበት፤ አንድ ደቂቃ ሳይሆን አሥር ደቂቃ። ከመቀመጫው እስከ ጠረጴዛው ገጽ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ካለ ክንድ ያርፋል። የብዙ አሮጌ ወንበሮች እግር አልቆ ወይም ተቆርጦ ስለሚያጥር ሜትር ይያዙ።

ባለቤትዎን የሚያስጠላቸው የተጠረበና የጠቆረ እንጨት ከሆነ ሚካኤል ቶኔት በተባለ የድሮ ዕቃ ሠሪ የተሠራውን ዓይነት ወንበር ያሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ1859 የወጣው 14 ቁጥር ወንበሩ በእንፋሎት ከተለመጠ እንጨት የሚሠራ ነው፤ ስድስት የእንጨት ክፍሎች፣ አሥር ብሎኖችና ሁለት ዳዶዎች ብቻ ይበቁታል፤ 36 ወንበሮች ተፈታተው አንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይገቡ ነበር። ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ንድፍ ነው፤ ሲያዩት ግን ቀላልና ንጹሕ ነው፤ ጉስቁልና አይታይበትም። የአያትዎን ወንበር ላይመስል ይችላል። እዚህ ላይ ከባዱ ሥራ የእርስዎ ነው፤ ቁርጥ የእሷን የሚመስል ከፈለጉ የሚያገኙት ወንበር ሁሉ ይጎድልብዎታል፤ እሷ አልተቀመጠችበትምና።

አራት ወይስ ስድስት ላሉት፣ አንድ ይግዙ። ጠረጴዛው ጋር ሳይሆን መኝታ ቤት፣ ወይም ጫማ በምታወልቁበት በር አጠገብ ያኑሩት፤ የክንድ ማሳረፊያ የሌለው ወንበር የትም ቦታ ይበቃዋል። ለጠረጴዛው ባለቤትዎ የሚመርጡትን አዲስ ወንበር ይግዙ፤ ምርጫውንም ከልብ ይተዉላቸው። ወራት አልፈው እሳቸው ራሳቸው አሮጌዋን ወደ ጠረጴዛው ሲስቡ ካዩ ስለ ሁለተኛዋ ማንሣት ይችላሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም፤ የመቀመጫቸው ከፍታ እኩል ከሆነ ይበቃል። ካልሳቡም አንዷ የእርስዎ ትሁን። እራታችሁን ግን ከዛሬ ጀምሮ ወደ ጠረጴዛው ይመልሱት፤ ለጊዜው ያገኛችሁት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ።