ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት፦ የጀልባ ባለቤቶች ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከመሃል አዲስ አበባ የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ ጀልባቸውን ግቢ ውስጥ በተጎታች ላይ አቁመው፣ ሲመቻቸው ወደ ላንጋኖ፣ ዝዋይ ወይም ቢሾፍቱ የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ መልሶቹን ግን እንደ ጉዳዩ ክብደት ጽፈናል።

ጥያቄ፦ 40 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ ባለ ካርቡራቶር ቱ ስትሮክ (ኦሊዮው ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቅበት) አውትቦርድ (ከጀልባው ኋላ በውጭ የሚታሰር) ሞተር አለኝ። ጀልባው 4.7 ሜትር ፋይበር ግላስ ነው። ላንጋኖ ላይ አምስት ሰው ስጭን አፍንጫውን ሰቅሎ ውሃውን እየገፋ ይሄዳል እንጂ ተነስቶ ውሃው ላይ አይንሸራተትም። ቤንዚን እስከ ጥግ ብሰጠውም ዙሩ በደቂቃ ከ4,300 አያልፍም። ፕሮፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ክንፋም ዘዋሪ) ላይ 13 የሚል ቁጥር አለ። መካኒኩ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ለክቶ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ይፈታ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ገና አይፍቱት። የጻፉልን ምልክት በሙሉ የአገራችንን ከፍታና ያልተመጠነ ፕሮፔለርን ነው የሚያሳየው።

ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጣና ደግሞ ወደ 1,800 ይጠጋል። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ በእያንዳንዱ ምት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ የእርስዎ 40 ፈረስ ጉልበት ላንጋኖ ላይ 33 ወይም 34 ቢሆን ነው። ከሞተሩ ጋር የመጣው ፕሮፔለር ግን የተመረጠው ሙሉውን 40 እንዲሸከም ታስቦ ነው።

13 የሚለው ቁጥር ፒች ይባላል። ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ ምንም ሳይንሸራተት ቢሄድ፣ 13 ኢንች ወይም 33 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ይገፋል ማለት ነው። ከፍ ያለ ፒች በመኪና በሦስተኛ ማርሽ ዳገት እንደመጀመር ነው። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። የሞተርዎ መመሪያ ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ይድረስ የሚል ከሆነ 11 ፒች ይግጠሙለት፤ በአምስት ሰው ጭነት 4,600 ወይም 4,700 ላይ ይመጣል። ከዚያ ሁለት ሰው ብቻ ጭነው ይሞክሩት፤ ዙሩ ከመመሪያው ጣሪያ እንዳያልፍ። መመሪያው ሌላ ቁጥር ከሰጠ ስሌቱን በዚያ ቁጥር ይሥሩት። ዙሩ ሳይደርስ እየተጨነቀ የሚሠራ ሞተር ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ካርቦን ያጠራቅማል፣ ፒስተኑንም ይጎዳል። ስለዚህ ጉዳዩ የፍጥነት ብቻ አይደለም።

ስሌቱን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። የሞተሩን ዙር በታችኛው ማርሽ ቁጥር (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንቴ እንደሚዞር) ያካፍሉ፣ በፒቹ ያባዙ፣ ከዚያ በ0.001524 ያባዙት፤ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሰጥዎታል። ለምሳሌ 5,000 ዙር፣ ማርሹ 2 ለ 1፣ ፒቹ 13 ከሆነ 49.5 ይወጣል። ፕሮፔለር ውሃ ውስጥ መንሸራተቱ ስለማይቀር ከዚህ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንሱ። ስልክዎ ላይ ያለው ጂፒኤስ የሚያሳየው ፍጥነት ከዚህ በጣም ካነሰ ፕሮፔለሩ ተጣሟል፣ የጀልባው ሆድ ቆሽሿል፣ ወይም ጀልባው ሆዱ ውስጥ ውሃ ይዟል። ወለሉ ሥር የተጠራቀመ 80 ሊትር ውሃ አንድ ተጨማሪ ሰው ማለት ነው።

ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡራቶርም ከፍታውን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ያህል ቤንዚን ስለሚያፈስ ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይወጣል። አምራቹ ለከፍታ ባዘጋጀው ሠንጠረዥ መሠረት ዋናውን ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ባነሰ ጂግለር ይለውጡት። ሚኒሞውን (ቤንዚን ሳይሰጠው የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) የምታስተካክሉት ግን ሐይቁ ላይ ይሁን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ የተስተካከለ ሞተር ላንጋኖ ሲወርድ ድብልቁ ይቀጥናል፣ ማለትም ቤንዚን ያንሰዋል። ጂግለሩን አሳንሶ ጀልባውን ወደ ጋምቤላ፣ ባሮ ላይ የሚወስድ ሰው ደግሞ የቀድሞውን ሳይመልስ ሞተሩን እንዳያስነሳ አጥብቀን እንመክራለን። እዚያ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ነው፤ ድብልቁ ይቀጥናል፣ በቱ ስትሮክ ኦሊዮውም ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቀንስ ፒስተን ይነክሳል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ባለ ኢንጄክሽን (ያለ ካርቡራቶር ቤንዚን የሚረጭ) ሞተር ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል፤ የጠፋውን አየር ግን ስለማይመልስ የፕሮፔለሩ ምክር ለእሱም ይሠራል።

ወደ መካኒኩ እንመለስ። የኮምፕሬሽን ጌጅ የሚያነበው ቁጥርም በከፍታ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 120 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ) የሚያነብ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 90 አካባቢ ቢያነብ ጤነኛ ነው። በመጽሐፉ ቁጥር ፈርዶ ፋሻ ማስቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሞተሩን ያሙቁት፣ ያጥፉት፣ ካንዴላዎቹን በሙሉ ያውጡ፣ የካንዴላ ገመዶቹን ከሞተሩ አካል ጋር ያሳስሩ፣ ቤንዚን መስጫውን ሙሉ ይክፈቱ፣ ከዚያ ጌጁ መውጣት እስኪያቆም ያዙሩት። ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ያነጻጽሩ። ልዩነታቸው ከ10 በመቶ ካልበለጠ ፋሻው ደህና ነው።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሞተሩ እንዳይከርም በየጊዜው ለአንድ ደቂቃ ያህል ያለ ውሃ ባስነሳው ጉዳት አለው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አለው፤ አንድ ደቂቃም ብዙ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚስበው ኢምፔለር የሚባል ክንፋም ጎማ ነው፤ ጎማውን የሚያለሰልሰውም ያው ውሃ ነው። ደረቅ ሲዞር በሰከንዶች ውስጥ ጫፉ ይቃጠላል።

ውሃ ሲመጣ አፉ የተከፈተ 200 ሊትር በርሜል ይሙሉና ያቆዩት። ፕሮፔለሩን አውጥተው የሞተሩን እግር በርሜሉ ውስጥ ያስገቡ፤ ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ካለው አግድም ሳህን ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በዜሮ ማርሽ፣ ከ1,500 ዙር ሳያልፉ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ውሃው ራሱ ይሞቃል። በር ዘግታችሁ ግን አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል።

ከጎኑ የሚፈሰውን ቀጭን የውሃ ክር ይመልከቱ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካልመጣ ያጥፉ። መጀመሪያ ቀዳዳውን በወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይጥረጉት፤ ብዙ ጊዜ ደለል ወይም የነፍሳት ጎጆ ነው የሚዘጋው። ካልተስተካከለ ኢምፔለሩ ይቀየር። የእግሩን ቡሎኖች ፈትተው፣ የማርሽ ዘንጉን ለያይተው፣ እግሩን ወደ ታች ያውርዱ። የፓምፑን ቤት ሲከፍቱ ክንፎቹን ይቁጠሩ። የተቆረጠ ካለ ቁራጩ ላይኛው ቱቦ ወይም ቴርሞስታቱ (የማቀዝቀዣ ውሃውን እንደ ሙቀቱ የሚያሳልፈው ክፍል) ውስጥ ስላለ ፈልገው ያውጡት፤ ሳያወጡ አዲሱን ቢገጥሙ ሞተሩ መሞቁን አይተውም። አዲሱን በሳሙና ውሃ አርሰው፣ ዘንጉን ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ ቤቱን ወደ ታች ይጫኑ። ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን)ና ኢምፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘውን ትንሿን ቁልፍ (ቺያቬታ) አብረው ይቀይሩ። በአማካይ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት የሚቀየር ዕቃ ነው። የላንጋኖ ቡናማ ውሃ ደለል ስለያዘ ጎማውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋልና እዚያ የሚያዘወትር ሰው በየዓመቱ ይቀይር።

ጥያቄ፦ ዝዋይ ላይ ሞተሬ በደንብ ተነስቶ 10 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፣ ከዚያ ይደክምና ይጠፋል። ጥቂት ሲያርፍ ደግሞ ይነሳል። ካንዴላ ሁለቴ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። (ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ ካንዴላውን ይተዉት። በመጀመሪያ የቤንዚን ታንኩ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ብሎን ይክፈቱ። ተዘግታ ከሆነ ቤንዚኑ ሲቀንስ ታንኩ ውስጥ አየር የሌለበት ባዶ ቦታ ይፈጠርና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ሞተሩ ሲጠፋና ሲያርፍ አየሩ ቀስ ብሎ ይገባል፤ «አርፎ ይነሳል» የሚሉት ይሄ ነው።

ብሎኗ ክፍት ከነበረች፣ ሞተሩ መድከም በጀመረበት ቅጽበት ቱቦው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ይዳስሱ። ጎንና ጎኗ ተጣብቆ ከጠፈጠፈች መዘጋቱ ከእሷና ከታንኩ መካከል ነው፤ የታንኩን ውስጥ ወንፊትና ቱቦውን ይፈትሹ። ያረጀ ቱቦ ውስጠኛው ሽፋን ተገልጦ ከውጭ ሳይታይ መንገድ ይዘጋል። ለስላሳ ሆና፣ ስትጨመቅ ሞተሩ ነፍስ ከዘራ፣ በአንድ መገጣጠሚያ አየር እየገባ ነው፤ አለዚያም የሞተሩ የቤንዚን ፓምፕ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል። ድንጋይ ሆና ደርቃ ሞተሩ ግን ከጠፋ ቤንዚኑ እስከ ካርቡራቶሩ ደርሷል፤ ያኔ የካርቡራቶሩን ጎድጓዳ ወይም ሲሞቅ የሚከዳ ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ክፍል) ይጠርጥሩ። ቦቢናን ቀዝቅዞ መመርመር ጥቅም የለውም፤ ልክ እንደጠፋ ካንዴላ አውጥተው እሳቱን ይዩ።

መገጣጠሚያዎቹ በሽቦ የታሰሩ ከሆነ ዛሬውኑ ያስወግዷቸው። ሶማሌ ተራ ፋሼታም (የቱቦ ማሰሪያ)፣ ቤንዚን የሚችል ቱቦም ይገኛል። የአትክልት ቱቦ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይሟሟልም።

አንድ ፍተሻ ይቀራል። ከካርቡራቶሩ ጎድጓዳ ሥር ያለችውን ብሎን ከፍተው በብርጭቆ ጠርሙስ ትንሽ ቤንዚን ይቅዱና ብርሃን ላይ ያቁሙት። ውሃ ካለ ታች ወርዶ እንደ እንክብል ይሰበሰባል። ምንጩ ብዙውን ጊዜ ከጉዞ በኋላ ግማሽ ሆኖ የቆመ ታንክ ነው፤ ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ ሲፈራረቅ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ይጤዛል። ውሃ የሚለይ 10 ማይክሮን ፊልትሮ ይግጠሙ።

ጥያቄ፦ ለ20 ሊትር ቤንዚን ስንት ኦሊዮ ልጨምር? የሞተር ሳይክል ቱ ስትሮክ ኦሊዮስ ይሆናል? (ከለገሃር)

መልስ፦ መመሪያው 50 ለ 1 ካለ 400 ሚሊ ሊትር። አዲስ ወይም ተፈትቶ የተሠራ ሞተር ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት በአብዛኛው 25 ለ 1 ይፈልጋል፤ ያ 800 ሚሊ ሊትር ነው። ግማሹን ቤንዚን ቀድተው ኦሊዮውን ይጨምሩ፣ ይነቅንቁ፣ ከዚያ ቀሪውን ይሙሉ።

የሞተር ሳይክሉ አይሆንም። በአየር ለሚቀዘቅዝና በጣም ለሚሞቅ ሞተር የተሠራ ነው፤ በውሃ በሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር ውስጥ አመዱ ካንዴላና ፋሻ ላይ ይጋገራል። ጣሳው ላይ ቲሲ-ደብሊው 3 (TC-W3) የሚል ምልክት ያለውን ይግዙ።

ጥያቄ፦ በድንገት ዙሩ ይጮሃል፣ ጀልባው ግን አይፈጥንም። ማርሹ ይሆን? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ከማርሹ በፊት ሁለት ነገር አለ። በመታጠፊያና በሞገድ ላይ ብቻ ከሆነ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር እየሳበ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል፣ ቢበዛ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ ከበለጠ ሞተሩን ዝቅ አድርገው ያሰሩት። ወደ ውጭ ተዘንብሎም ከሆነ ወደ ጀልባው ያስጠጉት።

በቀጥታ መስመርም የሚጮህ ከሆነ ፕሮፔለሩ መሃል ያለው ጎማ መያዣውን ለቋል። ከውስጠኛው ብረት እስከ ውጨኛው ድረስ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፣ ጀልባውን አስነስተው ቤንዚን ይስጡት፣ ይመለሱና ይዩ። መስመሩ ከተለያየ ጎማው ይቀየራል፤ እስከዚያው በዝግታ ወደ ባሕሩ ዳር መመለስ ይቻላል።

ፕሮፔለሩን ባወጡበት አጋጣሚ ዘንጉ ላይ የመረብ ናይለን ተጠምጥሞ እንደሆነ ይዩ፤ የአሣ አጥማጆች መረብ ባለበት ሐይቅ ሁሉ የተለመደ ነው። ናይለኑ ኦይል ሲሉን (ዘንጉ ዙሪያ ኦሊዮ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ይቆርጥና ውሃ ወደ ማርሹ ይገባል። የማርሹን ቤት የታችኛውን ብሎን ፈትተው ትንሽ ኦሊዮ ያፍስሱ፤ ወተት የመሰለ ከወጣ ኦይል ሲሉ ሳይቀየር ሐይቅ አይግቡ። ኦሊዮው ንጹሕ ቢሆንም በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ይቀየራል። አዲሱ ኦሊዮ የሚሞላው ሁልጊዜ ከታችኛው ቀዳዳ ነው፣ በላይኛው አረፋ የሌለው ኦሊዮ እስኪፈስ ድረስ፤ ከላይ ከተሞላ አየር ታፍኖ ይቀርና ማርሹ ግማሽ ኦሊዮ ይዞ ይዞራል። መጀመሪያ የላይኛውን ብሎን ይዝጉ፣ ከዚያ የታችኛውን፤ ሁለቱንም በአዲስ ጓርኒሲዮን።