ከደቅ ወደ ባሕር ዳር ሕፃንና አዛውንት ይዞ ለሚሻገር

እህታችን፣ «ግንቦት መጀመሪያ ላይ አማቴን ለሕክምና፣ የስምንት ወር ልጄንና የአምስት ዓመቷን ይዤ ከደቅ ወደ ባሕር ዳር መሻገር አለብኝ፤ ልጆቹ ከደሴቷ ወጥተው አያውቁም፤ ምን ላዘጋጅ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ያዢ። ጣና ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ፀሐይ የብሱን ስታግለው ከሐይቁ ወደ ዳር የሚነፍስ ነፋስ ይነሳል፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ሞገዱ እየከበደ ይሄዳል። መንገዱ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። ንጋት 12 ሰዓት ከተነሳችሁ ሦስት ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ። ሰው እስኪሞላ ተብሎ ሦስት ሰዓት ላይ የምትነሳ ጀልባ ግን የመጨረሻውን መንገድ ከሞገድ ጋር እየታገለች ነው የምትጨርሰው። ግንቦት ደግሞ ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚጀምርበት ወር ነው። ስለዚህ ለሕክምናው በዋዜማው ሳይሆን ከዚያ አንድ ቀን ቀድማችሁ ተሻገሩ፤ ጠዋት ሰማዩ ከጠቆረ ሳትጨነቁ የምታሳድሩት ቀን ይኖራችኋል።

አሁን ዋናው። ሕፃኑን በአንቀልባ አዝለሽ አትሳፈሪ። ላይፍ ጃኬት ውሃ ውስጥ የወደቀን ሰው በጀርባው አስተኝቶ ፊቱን ወደ ላይ ነው የሚያዞረው፤ አንቺ ስትተነፍሺ ጀርባሽ ላይ ያለው ልጅ ከውሃ በታች ይሆናል። የረጠበ ጠፍርም በችኮላ አይፈታም። ሕፃኑን ከፊት፣ ጭንሽ ላይ፣ ምንም ሳታስሪው ያዢው፤ አንቺም ከጀልባዋ መሃል፣ ዝቅ ካለው መቀመጫ ላይ ሁኚ። በነጠላም በጋቢም ከራስሽ ጋር እንዳትቋጥሪው። ጠዋት ውሃው ላይ ስለሚበርድ ጋቢ ያስፈልጋል፣ ግን ይደረባል እንጂ አይጠመጠምም፤ ውሃ የጠጣ ጋቢ ወደ ታች ይጎትታል።

ለአምስት ዓመቷ የአዋቂ ጃኬት አይሆናትም፤ ውሃ ውስጥ በጭንቅላቷ በኩል ሾልኮ ይወጣል። የልጅ ጃኬት ካለ አልብሰሽ ትከሻው ላይ ያዢና ወደ ላይ ሳቢው፤ እስከ አገጯ ወይም ጆሮዋ ከተነሳ ሰፊ ነው። በእግሮቿ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ከሌለው በጠንካራ ጨርቅ አንቺው ሥሪለት። ጃኬት «አለ» ማለት በቂ አይደለም፤ መቀመጫ ሥር ታስሮ የተቀመጠ ጃኬት ለማንም አይደርስም። ከመነሳታችሁ በፊት ይለበስ።

ጀልባዋ ተጭና ስታበቃ ጠርዟ ከውሃው ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ካላለ ተዪያት፣ ሌላ ጠብቂ። ኬሻው ከታች፣ መሃል ላይ ይሁን፤ ከሰው በላይ የተቆለለ ጭነት ጀልባዋን ያንገዋልላታል። ነጂውን ስለ ቤንዚኑ ጠይቂው፦ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው መጠባበቂያ መሆን አለበት። ሞተሩ መረብ ወይም እምቦጭ ከጠመጠመ ቆርጦ የሚያወጣበት ቢላዋ ካለው ጥሩ ነው።

ጉዞውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ መውረጃው ነው። ክረምት እስኪገባ ውሃው እየሸሸ ስለሚሄድ ግንቦት ላይ ጀልባ ከዳር ርቃ ልትቆም ትችላለች። ለአማትሽ ይህ ከባድ ነው፤ ከዋዜማው ለነጂው ንገሪውና የሚደግፉ ሁለት ጎልማሶች ይዘጋጁ። መሬት ሲታይ ሁሉም ብድግ ብሎ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ መገልበጥ የሚመጣውም ያኔ ነው። እናንተ ተቀመጡ። መጀመሪያ አንድ አዋቂ ይውረድ፣ ልጆቹን ይቀበል፣ ከዚያ አማትሽ፣ ዕቃ መጨረሻ። በውሃ መራመድ ካለ ቦቲ ጫማ ይኑራችሁ፤ በዳርቻው ብልሃርዝያ ስላለ ልጅቱን በእግሯ ውሃ እንዳታስቦርቂያት።

ስለ ማቅለሽለሽ ብዙ አትጨነቂ። ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ደረቅ ዳቦ በትንሹ ብሉ፣ ቅባት ይቅር፤ ከሞተሩ ጭስ ራቁ፣ ዓይን ሩቅ ያለውን ዳርቻ ይይ። ለሕፃኑ ጡት ይበቃዋል። ማስታወክ የሚከላከል ክኒን ግን ጤና ባለሙያ ሳይጠየቅ ለልጆቹም ለአማትሽም አይሰጥ፤ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ።

መድኃኒታቸው፣ መታወቂያው፣ የሪፈር ወረቀቱና የጤና መድን ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ በእጅሽ ይሁን፤ ከሻንጣው ጋር አይሂድ። መድኑ የዓመቱ መዋጮ ተከፍሎ የታደሰ መሆኑን ከጤና ጣቢያችሁ አረጋግጪ። ሪፈር ሳይዙ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ቢደርሱ መድኑ ላይሸፍን ይችላል፣ ለወረቀት ብሎ ሐይቅ መመለስ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ከተማው ውስጥ ለልጅቱ የሚያሰጋት ባጃጅ ነው፤ መኪና ሳታይ ያደገች ልጅ ፍጥነት አትገምትም። እጇን እንዳትለቂ፣ ባጃጅ ውስጥም ክፍት ከሆነው ጎን ሳይሆን መሃላችሁ አስቀምጫት።

የመመለሻውን ቀን አታጥብቢው። የላቦራቶሪ ውጤት በማግስቱ ሊባል ይችላል፤ ቢያንስ የአንድ ሌሊት ተጨማሪ የአልጋ ብር ያዢ። ወደ ደሴቷ የሚመለሱ ጀልባዎች ደግሞ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ዘይትና ስኳር ስለሚጭኑ ከመምጫው ይከብዳሉ፤ የሁለቱን ስንዝር ነገር በመመለሻውም ተመልከቺ። የነጂውን ስልክ ሳትወርጂ ተቀበይው፣ በዋዜማው ማታ ደውለሽም ምን እንደጫነ ጠይቂው።