ፈቃድ የለኝም፣ ሥራውን ግን ሠርቻለሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ግራፊክስ ዲዛይን እሠራለሁ፤ ሎጎ፣ ባነር፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የመጣውን ሁሉ። ደንበኞቼ ግለሰቦች ስለሆኑ በቴሌብር ይልኩልኛል፣ አለቀ። አሁን ግን አንድ ሆቴል ሜኑውንና ምልክቶቹን በ12,000 ብር አሠራኝ። አስረክቤ ሒሳብ ክፍል ስሄድ "ደረሰኝ አምጪ" አሉኝ። ድርጅት የለኝ፣ ንግድ ፈቃድ የለኝ። ጓደኛዬ "የወንድሜን ደረሰኝ ላስቆርጥልሽ" ትለኛለች። በሕጋዊ መንገድ ገንዘቤን የምቀበልበት ሌላ ዘዴ የለም?

መልስ፦ አለ። መጀመሪያ ግን የወንድሟን ደረሰኝ እርሺው። እሱ ላልሠራው ሥራ የሚቆረጥ ደረሰኝ ሐሰተኛ ነው፤ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ ሐሰተኛ ደረሰኝ በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በእስራትም ያስቀጣል። ወንድሟም ኪሱ ላልገባ 12,000 ብር ግብር ሊጠየቅ ነው። ልጅቷ ለውለታ ብላ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ሦስታችሁንም ጣጣ ውስጥ ትከታችኋለች።

የሒሳብ ሠራተኛዋንም አትቀየሚያት። ሆቴሉ ማስረጃ የሌለውን ወጪ ከትርፉ ላይ መቀነስ አይችልም፤ ኦዲት ሲመጣ የምትጠየቀው እሷ ናት።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ብዙ ሰው ቲንንና ንግድ ፈቃድን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ቲን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው፣ በቃ። የቀበሌ መምህርም፣ የፋብሪካ ሠራተኛም አለው፤ ነጋዴ መሆን አይጠይቅም። ከሌለሽ ነገ መታወቂያሽን ይዘሽ ከተማው ገቢዎች ሂጂና አውጪ። ንግድ ፈቃድ ግን ሌላ ነው፤ አንድን ሥራ ሙያዬ ብለሽ፣ ለትርፍ፣ በቋሚነት ስትሠሪ የሚጠየቅ ነው።

ቲን ይዘሽ ስትመለሺ ሆቴሉ ከሚከፍልሽ ላይ ቀንሶ ማስቀረት፣ ማለትም ዊዝሆልድ ማድረግ አለበት። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ቲን ያላቀረበ አቅራቢ ከጠቅላላ ክፍያው 30 በመቶ ይቆረጥበት ይላል፤ በተግባር ደግሞ ብዙ ሒሳብ ክፍሎች ቲን ኖሮት ፈቃድ የሌለውንም እዚሁ ውስጥ ይደምሩታል። ስለዚህ 3,600 ብር ሊቆረጥብሽ፣ 8,400 ልትቀበዪ ትችያለሽ። ያንገበግባል፣ አውቃለሁ። ግን ሥራው ተሠርቶ ስላለቀ ለዚህ ክፍያ ንጹሑ መንገድ ይሄ ነው። የተቆረጠበትን ደረሰኝ በስምሽና በቲንሽ አስጽፈሽ ተቀበዪ፤ አንዳንዱ ቆርጦ ወረቀቱን "ነገ ነይ" ይላል፣ እሺ አትበዪው።

ለሚቀጥለው ሥራ ግን የተሻለ መንገድ አለ፤ ብዙ ፍሪላንሰር የማይጠቀምበት። ሥራው ሳይጀመር ለዚያው ለተወሰነ ሥራ የቅጥር ውል እንዲያዋውሉሽ ጠይቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ የተወሰነ ሥራ እስኪያልቅ መቅጠርን ይፈቅዳል። ያኔ አንቺ አቅራቢ አይደለሽም፣ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነሽ፤ ደረሰኝ አትጠየቂም፣ በፔሮል፣ ማለትም በደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ፈርመሽ ትወስጃለሽ። ግብሩም የደመወዝ ግብር ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በወር እስከ 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከዚያ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ። እያንዳንዱ መቶኛ በየእርከኑ ላለው ብር ብቻ ስለሚሰላ፣ 12,000ው በአንድ ወር ቢከፈልሽ 2,250 ብር ይቆረጥና 9,750 ይደርስሻል። ውሉ ግን የእውነት ይሁን፤ እነሱ የሚያዙሽ፣ የሚከታተሉሽ ሥራ ይሁን እንጂ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ቀን እየተጻፈ የሚፈረም ወረቀት አይሁን። ላለቀው የሆቴል ሥራ ይሄን ያልመከርኩሽም ለዚህ ነው።

ይሄም ቢሆን አልፎ አልፎ ለሚመጣ ሥራ ነው። በየወሩ ሦስት አራት ደንበኛ ካለሽ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ ደግሞ ያለሽ ይመስለኛል፣ አንቺ ነጋዴ ነሽ፤ ደስ ቢልሽም ባይልሽም። በቴሌብር የገባውም ብር ገቢ ነው። ያለ ፈቃድ መነገድ ደግሞ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ቀላል ቅጣት የለውም።

ፈቃድ ሲባል ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ማቋቋም፣ ጠበቃ፣ ካፒታል የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። በራስሽ ስም፣ ግለሰብ ነጋዴ ሆነሽ ትመዘገቢያለሽ። የከተማው ንግድና ገበያ ልማት ሄደሽ ለዲዛይን ሥራ የሚሆነውን የፈቃድ መደብ ጠይቂ፤ መደቡን ከተሳሳትሽ በኋላ ደረሰኝሽን የሚቀበልሽ አታገኚም። ከዚያ በኋላ ያው ሆቴል ከ12,000ው የሚቆርጠው 3 በመቶ፣ 360 ብር ብቻ ነው፤ ድሮ 2 በመቶ ነበር፣ በ2017 ማሻሻያ ከፍ ብሏል። እሱም ጠፍቶ አይቀርም፤ ከዓመቱ ግብርሽ ላይ ይታሰብልሻል። ዓመታዊ ሽያጭሽ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች ስለሚሆን የግብር ከፋይ ደረጃ "ለ" ውስጥ ነሽ፣ የትልልቆቹ፣ የደረጃ "ሀ" ያህል የሒሳብ መዝገብ አያስጨንቅሽም።

ሁለት ነገር ግን አትርሺ። ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ሥራ ባይኖርም እንኳ "አልሠራሁም" ብለሽ ታሳውቂያለሽ። ሥራውን ከተውሽ ደግሞ ፈቃዱን መልሺ። አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ የረሳው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ሲፈልግ የሚደርስበትን ውዝፍና መቀጫ ብታዪ ታዝኚለታለሽ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ውጭ አገር ላለ ድርጅት በኦንላይን እተረጉማለሁ። ክፍያውን ዱባይ ያለው ያክስቴ ልጅ ይቀበልልኝና እዚህ ያሉ ሰዎች በብር ይሰጡኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው ወንድሜ፣ ያውም ትልቅ። ከባንክ ውጭ የሚደረግ የውጭ ምንዛሪ ልውውጥ ወንጀል ነው፤ ብሩን የሚያስገቡልህ ሰዎች አካውንት አንድ ቀን ቢታገድ ያንተም አብሮ ሊታገድ ይችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ባንኮች ምንዛሪውን በገበያ ዋጋ ስለሚተምኑ የጥቁር ገበያው ጥቅምም እንደ ድሮው አይደለም። ድርጅቱ በቀጥታ ወደ ባንክ አካውንትህ እንዲልክ አድርግ፤ ስዊፍት ኮዱን፣ ማለትም ከውጭ ሲላክ የባንኩን መለያ ኮድ፣ ከቅርንጫፍህ ጠይቅ። ውልህን ወይም የተጻጻፋችሁትን ያዝ፣ ባንኩ "ይሄ ገንዘብ ከምንድን ነው?" ሲልህ የምታሳየው እሱን ነው። "ከቤተሰብ" ብለህ ግን አታስሞላ። ቤተሰብ የላከው ስጦታ ነው፣ ያንተ ደግሞ የሥራ ዋጋ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ሰው ውጭ ካለ ደንበኛ ላገኘውም ገቢ እዚሁ ግብር ይከፍላል። በቋሚነት የምትተረጉም ከሆነ የፈቃዱን ነገር ለዲዛይነሯ የጻፍኩትን አንብበው።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ መምህር ነኝ። ደመወዜ 11,000 ብር ነው፣ ግብር ይቆረጥበታል። በክረምት አንድ ድርጅት ለአንድ ወር ሥልጠና እንድሰጥ ቀጥሮኝ ከ6,000 ብሩ ላይ 700 ብር ቆረጠ። ሁለት ጊዜ መቆረጥ አለብኝ?

መልስ፦ መምህር፣ አይወዱትም እንጂ እንዲያውም ያነሰ ነው የተቆረጠብዎት። ከሁለት ቀጣሪ የሚገኝ ደመወዝ ተደምሮ ነው ግብሩ የሚሰላው። ትምህርት ቤቱ ከ11,000ው 1,950 ይቆርጣል። ሁለቱ ተደምረው 17,000 ሲሆኑ ግን የወሩ ግብር 3,900 ይደርሳል። ሥልጠና ያሰጠዎት ድርጅት 6,000ውን ለብቻው ስላሰላው 1,250 ብር ጎድሏል፤ እሱን ማሳወቅና መክፈል የእርስዎ ፋንታ ነው። በሚመጣው ክረምት ሲፈርሙ ሌላ ደመወዝ እንዳለዎት ቀድመው ይንገሯቸው፣ እነሱው ደምረው ይቁረጡት።