«የለም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ጎጃም ውስጥ ለቁፋሮ ካዙላ ለምትጨብጡ ልጆቼ፣

የአርኪዮሎጂ ንድፈ ሐሳብ ሲነሣ ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ ለፈተና ተሸምድዶ የሚረሳ ነገር ይመስላችኋል። ንድፈ ሐሳቡ ግን ከወንፊታችሁ ቀዳዳ ይጀምራል። በቁፋሮ ላይ የተለመደው ወንፊት ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ገልና አጥንት ይይዛል። የጤፍ ፍሬ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ወንፊት ወር ሙሉ ነፍቶ «እዚህ ጤፍ አይበላም ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው የጻፈው ስለ ጥንቱ ገበሬ ነው ወይስ ስለ ወንፊቱ?

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የአፈር ንጣፍ፣ ይልቁንም ከምድጃና ከአመድ መድፊያ፣ ቢያንስ 10 ሊትር አፈር ሳትነፉ በውሃ ለማንሳፈፍ አስቀሩ። መጠኑን ለክታችሁ መዝግቡ፤ ያለዚያ ሁለት ንጣፎችን ማወዳደር አይቻልም። አፈሩን ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ በቀስታ ጨምራችሁ በእጅ አማስሉ። የከሰለው ፍሬ ሲንሳፈፍ ቀዳዳው 0.25 ሚሊ ሜትር በሆነ ስስ ጨርቅ አጥልሉት፤ የሚንሳፈፍ እስኪጠፋ ድገሙ። ዋልካ አፈር እንደ ሊጥ ተያይዞ አልፈታ ሲል ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጨርቁን ጥላ ውስጥ አስጡት፤ ፀሐይ ላይ ቶሎ ከደረቀ ፍሬው ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። አሠራራችሁን ለመፈተን 100 የከሰሉ የፖፒ ዘሮች ቆጥራችሁ አፈሩ ውስጥ ጨምሩ። 60 ብቻ ከተመለሱ እጃችሁ 40 ይጥላል ማለት ነው። ለዚህ ፈተና ጤፍ እንዳትጠቀሙ፤ የእናንተና የጥንቱ ይደባለቅባችኋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ቀዩ አፈር ነው። ከጎዛምን እስከ ማቻከል ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ነው። ያ አሲድ አጥንትንም ይበላል። የሚተርፈው በብዙ ቦታ የጥርስ ሽፋንና በእሳት የነጣ አጥንት ነው። በኖራ የተገነባ አሮጌ ግንብ ሥር ደግሞ፣ ለምሳሌ እንደ መርጡለ ማርያም ያለ ፍርስራሽ አጠገብ፣ ከግድግዳው የረገፈው ኖራ አሲዱን ስለሚያበርደው አጥንት ሊቆይ ይችላል። ግንቡ ሥር አጥንት በዝቶ ሜዳው ላይ ቢጠፋ «ሥጋ የሚበሉት ጌቶቹ ብቻ ነበሩ» ለማለት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ 1 እጅ አፈር በ2.5 እጅ የተጣራ ውሃ በጥብጡ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ፒኤቹን (የአሲድነቱን መለኪያ፤ ከ7 ባነሰ ቁጥር አሲዳማ ነው) ለኩ።

የቤት ወለል ከሁሉ ይበልጥ ያታልላል። እናቶቻችን ወለሉን በእበት ይለቀልቃሉ፣ ጠዋት ማታ ይጠርጋሉ፤ ጥራጊውና አመዱ ጓሮ ይደፋል። ወለሉ ላይ የምታገኙት መጥረጊያ የሳተው፣ መደብ ሥር የገባ ወይም ልቅላቂ ውስጥ የተቀበረ ጥቃቅን ነገር ነው። አርኪዮሎጂስቱ ማይክል ሺፈር እ.ኤ.አ. በ1972 በተገለገሉበት ቦታ የቀረን ቆሻሻና ሌላ ቦታ ተወስዶ የተጣለን ቆሻሻ የለየው ለዚህ ነው። ሌላው አርኪዮሎጂስት ሉዊስ ቢንፎርድም አላስካ ድረስ ሄዶ የኑናሚዩት አዳኞች አጥንት እንዴት እንደሚጥሉ አጥንቷል። እናንተ አላስካ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ የአያታችሁን ጓሮ እዩ። ቤት ስትቆፍሩ ከጓሮው በኩል 1 ሜትር በ1 ሜትር ጉድጓድ ጨምሩ። የወለሉንም ጎን በቀጥታ ቆርጣችሁ የልቅላቂውን ድርብርብ አንድ በአንድ ቁጠሩ። (ያለ ፈቃድ ግን አንዲት ካዙላ አፈር አይነሣም፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል።)

«አለ» ማለትም ያሳስታል። ዋልካ በበጋ በጥልቀት ይሰነጠቃል፤ የትናንት ጠርሙስ ስባሪ በስንጥቁ ወርዶ ከጥንቱ ገል አጠገብ ያርፋል። ስንጥቁን በካዙላ ጠርጋችሁ ካላሳያችሁና ፎቶ ካላነሣችሁ ያ ጠርሙስ ንጣፉን በሙሉ ያስጠረጥራል።

እንግዲህ መዝገባችሁ ላይ «አጥንት የለም» አትበሉ። «ንጣፍ 4፤ 60 ሊትር አፈር፤ ወንፊት 5 ሚሊ ሜትር፤ ፒኤች 5.1፤ ያልተቃጠለ አጥንት አልተገኘም» በሉ። ቦታው ከጠበባችሁ ጀርባው ላይ ቀጥሉ፣ በእርሳስ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ሊፈስ ይችላል።