ሴንሰሩ ነው ወይስ ታካሚው? ስለሚላቀቁ የሞኒተር ሴንሰሮች ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የታካሚ ሞኒተሮችን መጠገንና መፈተሽ ነው። ሴንሰር መላቀቁ እንዴት እንደሚታወቅ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቹና መልሶቼ እነሆ።

የኢሲጂ ኤሌክትሮድ ሲነቀል ማሽኑ በምን ያውቃል?

ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ነው። ማሽኑ በእነሱ በኩል ታካሚው ጨርሶ የማይሰማው፣ በናኖአምፔር የሚለካ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይልካል። ኤሌክትሮዱ በደንብ ከተለጠፈ ፍሰቱ በቆዳው በኩል ያልፋል። ሲነቀል መንገዱ ይቋረጣል፣ ቮልቴጁ ከገደቡ ይወጣል፣ ሞኒተሩም "ሊድ ኦፍ" (ተነቅሏል) ይላል። የሚያስቸግረው ከሥሩ ያለው ጄል የደረቀበት ኤሌክትሮድ ነው። እንደተለጠፈ ነው፣ ግን ምልክቱን በወጉ አያስተላልፍም። ሞገዱ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴ አደገኛ የልብ ምት መዛባት ይመስላል።

ነርስ ነኝ። ድንገት ጠፍጣፋ መስመር ሳይ ልብ ቆሞ ይሁን ገመድ ወልቆ እንዴት ልለይ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ስክሪኑን ትተሽ ታካሚውን እዪ። ነቅቶ ያናግርሻል? ይተነፍሳል? መልስ ካልሰጠ በገመድ ጊዜ አታጥፊ፤ የልብ ምቱን በእጅሽ ፈልጊ፣ እርዳታ ጥሪ። ታካሚው ደህና ከመሰለሽ ከጣቱ ሴንሰር የሚመጣውን የኦክስጅን ሞገድ ተመልከቺ። እሱ እየመታ ከሆነ ደም እየተረጨ ነው፤ ችግሩ ኢሲጂው ጋ ነው። በተቃራኒው ግን ተጠንቀቂ። ኢሲጂው ጥሩ ሆኖ የጣቱ ሞገድ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ ወልቆ ነው። ነገር ግን የልቡ ኤሌክትሪክ እየሠራ ልብ ደም መርጨት ያቆመበት ሁኔታም አለ። ስለዚህ ያኔም የልብ ምቱን በእጅሽ ዳስሺ።

የጣት ሴንሰር ከወለቀ ቁጥሩ አይጠፋም እንዴ? እኛ ጋ ግማሹ ወልቆም ኦክስጅኑን 85 ይላል።

በጣም የምፈልገው ጥያቄ ነው! ሴንሰሩ ሁለት ብርሃን ያበራል፤ ቀይ፣ ወደ 660 ናኖሜትር፣ እና ኢንፍራሬድ፣ ወደ 940 ናኖሜትር። በጣቱ ማዶ ያለው ተቀባይ ከእያንዳንዱ ስንት እንዳለፈ ይለካል። ጣቱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ብርሃኑ ሳይቀንስ በቀጥታ ይደርሳል፤ ማሽኑም ጣት እንደሌለ ያውቃል።

ግማሹ ሲወልቅ ግን ከፊሉ ብርሃን በጣቱ ውስጥ፣ ከፊሉ በጎን በኩል ያልፋል። ምቱ ስላለ ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል። የሁለቱ ብርሃኖች ንጽጽር ወደ 1 ሲጠጋ ደግሞ በስሌቱ መሠረት ሳቹሬሽኑ (ደሙ የያዘው የኦክስጅን መጠን) 85 በመቶ አካባቢ ይወጣል። ታካሚው በእውነት 98 ሊሆን ይችላል፣ 70ም ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። 98ቱን 85 ቢያሳይ ሁሉም ሰው ይሮጣል። 70ውን 85 ቢያሳይ ግን አደጋው በግማሽ ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ 85 አካባቢ ተቸንክሮ የቀረ ቁጥር ስታዩ ሴንሰሩን አውልቃችሁ፣ ብርሃኑ ከተቀባዩ ትይዩ እንዲሆን አድርጋችሁ መልሱት። ሞገዱም ጥርት ብሎ መታየት አለበት። እስኪጣራ ድረስ ግን ቁጥሩን እንደ እውነት ቆጥራችሁ ታካሚውን ተከታተሉ።

አባቴ ታመው ተኝተዋል። ጣታቸው ላይ ያለው ሲወልቅ ልመልሰው? ድምፁንስ ላጥፋው?

ይማርልህ ወንድሜ። ብትመልሰው ጉዳት የለውም፤ ሆኖም ለነርሷ ንገር። ድምፁን ግን አትንካ። አንዱን አላርም ዝም ስታሰኝ ሌላውንም አብረህ ልትዘጋ ትችላለህ።

ማሞቂያ ውስጥ ላለ ጨቅላ የትኛው ሴንሰር ያሰጋል?

ያለጥርጥር የቆዳ ሙቀት ሴንሰሩ። ሌሎቹ ቢወልቁ መረጃ ነው የሚጠፋው። ማሞቂያው በቆዳ ሙቀት እንዲመራ ከተደረገ ግን ይሄኛው ማሽኑን ያዝዛል። ሲላቀቅ ቀዝቀዝ ያለውን አየር ይለካና "ሕፃኑ በርዶታል" ብሎ ሙቀት ያስጨምራል። ሕፃኑ ከልክ በላይ ይሞቃል። ልጁ ሴንሰሩ ላይ ከተኛበት ደግሞ የታፈነውን ሙቀት ስለሚለካ ማሞቂያው ይቀንሳል፤ ልጁ ይበርደዋል። የቆዳው ቁጥር እየወረደ የማሞቂያው ኃይል ከጨመረ ሴንሰሩን ፈትሹ፤ የልጁንም ሙቀት በብብት በቴርሞሜትር ለኩ።

ቶሎ ቶሎ እንዳይወልቅስ?

ቆዳውን አጽድታችሁ አድርቁ። ፀጉር ካለ ከርክሙት። ማሸጊያው ቀድሞ የተከፈተ ኤሌክትሮድ አትጠቀሙ፤ ጄሉ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ገመዱን ትንሽ ላላ አድርጋችሁ በፕላስተር ያዙት፤ ሲጎተት ጉተታው ፕላስተሩ ላይ ያርፋል።

ተማሪ ነኝ። የአተነፋፈስ ቁጥሩ ከየት ይመጣል? እሱስ ይሳሳታል?

ብዙ ሞኒተሮች ከዚያው ከኢሲጂ ኤሌክትሮዶች ያገኙታል። ደረት ሲነፋና ሲሟሽሽ በመካከላቸው ያለው የኤሌክትሪክ መከላከል ይለዋወጣል፤ ማሽኑ ያን ይቆጥራል። ኤሌክትሮዱ ሲላላ ወይም ትንፋሹ ሲደክም የልብን እንቅስቃሴ ትንፋሽ ብሎ ሊቆጥር ይችላል። የአተነፋፈስ ቁጥሩ ከልብ ምቱ ጋር እኩል ሆኖ ካየኸው አትመነው። ደረቱን እያየህ አንድ ደቂቃ ሙሉ ራስህ ቁጠር።